ቄጠማው ውስጥ ያለችው

እናቴ ቄጠማ ስትገዛ መጀመሪያ የምታየው ሥሩን ነው። እስሩን ትገለብጥና ነጩን ጫፍ በጣቷ ጫን ታደርገዋለች። ውሃ ካቀረረ ትገዛለች። ደረቅ ከሆነ "ይሄ የትናንት ነው" ብላ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ቤት ስንገባ ሳሎኑ ላይ እሷ ትጎዘጉዛለች፣ እኔ ከሥሩ ላይ የቀረውን ጥቁር ጭቃ እለቅማለሁ። ቡናው ሳይቆላ፣ ዳቦው ሳይቆረስ፣ ያ የእርጥብ ሣር ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ለእኔ በዓል የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ቄጠማው ከየት እንደሚመጣ ግን ለዓመታት ጠይቄ አላውቅም። ከጨፌ እንደሚታጨድ ማንም ያውቃል። ጨፌው ውስጥ ሌላ ማን እንደሚኖር ነው ያላሰብኩት። እንድጠይቅ ያደረገችኝ ድንቢጥ የምታህል አንዲት ወፍ ናት።

በእንግሊዝኛ ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል ይሏታል። ሳይንሳዊ ስሟ ሳሮትሩራ አይሬሲ ነው። ፍላፍቴይል የተባለችው ጅራቷ ላይ ያለው ላባ እንደ ሌሎች ወፎች ጠንካራ ስላልሆነ ነው። ልስልስና ብትን ያለ ነው፣ ልክ እንደ ተነደፈ ጥጥ። ስለዚህ እኔ ለራሴ "ባዘቶ ጅራት" ብያታለሁ። እዚህም በዚሁ ስም እጠራታለሁ።

ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያየሁበትን መንገድ ሳስታውስ ግን ዛሬም ደስ አይለኝም።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ነሐሴ አጋማሽ። አራት ጓደኛሞች አንድ አስጎብኚ ይዘን ወደ በርጋ ሄድን። በርጋ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ነው። ሆለታን አልፈን፣ በአዲስ ዓለም በኩል ነው የደረስነው። አዲስ ዓለምን ለማታውቋት፣ የአዲስ አበባ ምትክ ልትሆን የታሰበች ከተማ ናት። በመዲናዋ ዙሪያ ማገዶ እየጠፋ ሲሄድ ዐፄ ምኒልክ ወደዚያ ለመዛወር አስበው ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ሐሳቡ ቀረና ሕንፃው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ከመነሳት ካተረፏት ነገሮች አንዱ ቶሎ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፉን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የበርጋ ወንዝ ወደ አዋሽ የሚገባ ነው። በጋ ላይ ብታዩት ተራ ወንዝ ነው፤ ክረምት ሲሆን ግን ከገደቡ ወጥቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ከመንገዱ ሆናችሁ ስታዩት የሚታየው አረንጓዴ ሣር ብቻ ነው። ጠጋ ብላችሁ እግራችሁን ስታስገቡ ግን ውሃው ቁርጭምጭሚት ያልፋል።

አስጎብኚያችን "ጎን ለጎን ተሰለፉና ቀስ እያላችሁ ግቡ፣ ራሷ ትነሳለች" አለን። እኛም ገባን። ቦቲ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገባ። ሃያ ደቂቃ ያህል ስንሄድ፣ ከእግሬ ሥር አንድ ነገር ብር ብሎ ተነሳ። ቡናማ ነገር ነው። ከሣሩ አናት ብዙም ከፍ ሳትል፣ እግሮቿን አንጠልጥላ፣ ደክሟት የምትበር ትመስል ነበር። ከዚያ ክንፏ ተዘረጋና የኋላ ጠርዙ ላይ ነጩ ቦግ አለ። ሠላሳ እርምጃ ያህል በርራ ሣሩ ውስጥ ወደቀች። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው።

ጮህን። ተቃቀፍን። ወደ ወደቀችበት ሮጥን። ሣሩን በእግራችን እየገለጥን ዞርን፣ የለችም። እንደገና ዞርን፣ የለችም። አስጎብኚው ሌላ ቦታ እንሞክር አለና ቀኑን ሙሉ ስንረግጠው ዋልን።

ማታ ቤት ገብቼ ስለ እሷ ማንበብ ጀመርኩ። ባነበብኩ ቁጥር ደስታዬ እየቀዘቀዘ መጣ።

ባዘቶ ጅራት ኢትዮጵያ ውስጥ የምትራባው በክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ እንቁላሏ ላይ የምትቀመጥበት፣ ጫጩቶቿን የምታሳድግበት ጊዜ ነው። ጎጆዋን የምትሠራው እዚያው ከውሃው በላይ፣ ቄጠማውንና ሣሩን ጎንጉና ነው። አራት አምስት እንቁላል ትጥላለች። ዛፍ ላይ አይደለም፣ ገደል ላይ አይደለም። እኛ ተሰልፈን በቦቲ የረገጥነው ሣር ውስጥ ነው።

ደግሞ ብዙ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ላይ ናት። በዓለም ላይ ያሉት ለአቅመ መራባት የደረሱ ወፎች ከ250 በታች እንደሆኑ ይገመታል። አስቡት። አንድ መካከለኛ የሰርግ ድንኳን የማይሞሉ ናቸው። ከእነዚያ መሐል አንዷን ነው እኔ ለሦስት ሰከንድ ደስታ ከቤቷ ያስነሳኋት። ጎጆ ረግጠን ይሆን? ይህ ጥያቄ አሁንም ይመጣብኛል።

ስለ መልኳ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ስትበር ያየ ሰው አያያትም። ከምንቃሯ ጫፍ እስከ ጅራቷ ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ወንዱ ራሱ፣ አንገቱና ደረቱ ዳማ ነው። ዳማ ፈረስ ያየ ሰው ቀለሙን ያውቀዋል፣ ያው ሞቅ ያለ ቀይ ቡናማ። ጀርባው ጥቁር ሆኖ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ወርደውበታል። ሆዱ ነጣ ይላል። ጅራቱ ዳማና ጥቁር እየተፈራረቀ የተዠጎረጎረ ነው። ሴቷ ደብዘዝ ትላለች። ዳማው ይቀንስባትና ቡናማው ይበዛል፣ በደረቀ ሣርና በጭቃ መካከል ስትቆም ከሣሩ አትለይም። ነጩ ክንፍ የሚታየው ክንፉ ሲዘረጋ ብቻ ነው። ሲታጠፍ ይደበቃል። ስለዚህ ስሟን ያወጡላት ሰዎች ያዩት ስትሸሽ ነው ማለት ነው።

መሸሽም ቢሆን መብረር ምርጫዋ አይደለም። እሷ የምትወደው መሮጥ ነው። ቄጠማው ከላይ የተጠላለፈ ቢሆንም ከሥሩ ግን በግንዶቹ መካከል ክፍተት አለ። በዚያ ክፍተት እንደ አይጥ ትሹለከለካለች። ነፍሳትና ዘር የምትለቅመውም እዚያው ነው። ለዚህ ነው ወደ ወደቀችበት የሮጥነው ሰዎች ምንም ያላገኘነው። እኛ ስንደርስ እሷ ከሥር በኩል ሄዳለች።

የዚህችን ወፍ ዘመዶች ብዙ ሰው ሳያውቅ አይቷቸዋል። ሱሉልታ ወይም ባሌ ተራሮች ላይ ጅራቱን ቀስር ቀስር እያደረገ ከጅረት ዳር የሚመላለስ ቡናማ ወፍ አለ፣ ሩዤ ሬል የሚሉት። የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ነው የሚኖረው። እሱ አይደበቅም፣ አጠገባችሁ ድረስ ይመጣል። ዘመዳሞች ሆነው ጠባያቸው እንዲህ መራራቁ ይገርመኛል።

አሁን ወደሚያስደንቀኝ ነገር ልምጣ። ባዘቶ ጅራት ሁለት አገር አላት።

ለሳይንስ መጀመሪያ የታወቀችው እዚህ አይደለም። ቶማስ አይረስ የሚባል ሰው ደቡብ አፍሪካ፣ ፖቸፍስትሩም አካባቢ ያገኛትን ወፍ፣ ጆን ሄንሪ ጉርኒ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1877 ስም ሰጣት። አይሬሲ የሚለው ከአይረስ የመጣ ነው። እኛ ጋ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አዲስ አበባ አካባቢ ተገኝታ ነበር። ከዚያ ለአሥርተ ዓመታት ወሬዋ ጠፋ። እንደገና ሱሉልታ ሜዳ ላይ የታየችው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በርጋ ላይ ደግሞ በ1997 ተገኘች። እነዚህም ሁሉ ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

እኛ ጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ትቆያለች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የምትታየው ደግሞ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ የእነሱ ዝናብ ሲዘንብ ነው። እዚህ ሜዳው ሲደርቅ እዚያ ይርሳል። በመካከል ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር አለ። ዚምባብዌና ዛምቢያ ውስጥ የታየችበት አልፎ አልፎ ጊዜም አለ። መብረር የማትወድ የምትመስል፣ ሠላሳ እርምጃ በርራ የምትወድቅ ወፍ ይህን ሁሉ መንገድ ትሄዳለች? መንገድ ላይ የተከተላት ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን የሁለቱ አገር ወፎች በጣም ቅርብ መሆናቸውን አሳየ። አንድ ሕዝብ ናቸው፣ ይመላለሳሉ የሚለውን ሐሳብ የሚደግፍ ነው።

ለረጅም ጊዜ መራቢያዋ ተብሎ የሚታወቀው የእኛ ደጋ ብቻ ነበር። ደቡብ አፍሪካ የእንግድነት ቤቷ ነበረች። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ዳልስትሩም አካባቢ፣ ሚድልፑንት የሚባል ረግረግ ውስጥ፣ ራሳቸው የሚያነሱ ካሜራዎች ተተክለው ነበር። ጫጩቶቿ በፎቶ ተያዙ። እዚያም ትራባለች ማለት ነው።

የእነዚህን ካሜራዎች ነገር ሳነብ እኛ ያደረግነው ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። እነሱም ቀድሞ ሰው አሰልፈው ሣሩን እየረገጡ ነበር የሚቆጥሯት። ጎጂ መሆኑን ሲያዩ መንገዳቸውን ለወጡ። ካሜራው ሰው የሌለበትን ረግረግ እየጠበቀ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እሷ ራሷ በሥሩ ታልፋለች። ድምጿ እንኳ የእሷ መሆኑ የተረጋገጠው በዚህ ዓይነት ቅጂ፣ በቅርብ ዓመታት ነው። ዝግ ያለ፣ ከታች የሚመጣ "ሁ" የሚል ድምፅ ነው። ስም ካገኘች ከ140 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ታዲያ እዚህ ምን ያስፈልጋታል? ረግረግ ብቻ ብንል አይበቃም። ጥልቅ ውሃ አትፈልግም። ፊላና ደንገል የበዛበት የሐይቅ ዳርም አይስማማትም። የምትፈልገው ስስ ውሃ የተኛበት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 እስከ 2,600 ሜትር ላይ ያለ፣ ቄጠማውና ሣሩ ክረምት ሲገባ ቶሎ የሚያድግበት ሜዳ ነው። ሣሩ ጉልበት ቢደርስ ይበቃታል። ግን በጊዜው መድረስ አለበት። እንቁላል ከመጣሏ በፊት ጎጆዋን የሚሸፍን ቁመት ካላገኘ መራቢያዋ አለፈ ማለት ነው። ሰኔ ላይ ከብት ገብቶ ቡቃያውን ከጋጠው ነሐሴ ላይ ሣሩ መልሶ ቢያድግም አይጠቅማትም። ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ከተንጠፈጠፈም እንዲሁ ነው፣ ሣሩ ይኖራል፣ እሷ አትኖርም። ሕይወቷ ያለው በጥቂት ሳምንታት ላይ ነው።

ባሕር ዛፉን የምመልሰው እዚህ ጋ ነው። በአዲስ ዓለም መንገድ ግራና ቀኝ ስታዩ ባሕር ዛፍ እንደ አጥር ቆሟል። ለገበሬው ገንዘብ ነው፣ ለከተማው መሰላልና ማገዶ ነው። ባሕር ዛፍን አልረግምም። ረግረግ ዳር ሲተከል ግን ውሃውን ይጠጣዋል። ለዛፉ ውሃ ነው፣ ለእሷ ቤት ነው።

ሱሉልታን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከእንጦጦ ወርዳችሁ ሜዳው ሲከፈት የነበረው ያ ሰፊ አረንጓዴ እየጠበበ ነው። ቤት፣ ፋብሪካ፣ መጋዘን። አንድ ጊዜ በዚያ ስናልፍ የሚኒባስ ሾፌሩ በእጁ እያሳየ "ይሄ ሁሉ ባዶ መሬት እኮ ነው፣ ለምን አይሠሩበትም?" አለን። ማንም አልተቃወመውም። እኔም ዝም አልኩ። ያኔ ወፏን አላውቃትም ነበር። ዛሬ ቢሆን ዝም የምል አይመስለኝም። ጨፌ ባዶ መሬት አይደለም። የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል። በጋ ላይ የከብት መኖ ነው። ሣሩ ድርቆሽ ይሆናል፣ ክዳን ይሆናል። እና በዓለም ላይ ከ250 በታች የቀረች ወፍ ልጇን የምታሳድግበት ነው። "ባዶ" የሚለውን ቃል በዚህ ሜዳ ላይ ስሰማ አሁን ያመኛል።

ገበሬውን ግን መውቀስ አልችልም። ከተማ ተቀምጦ "ከብትህን አታስገባ" ማለት ቀላል ነው። ክረምት ላይ ማሳው ሁሉ ተዘርቶ፣ ከብት የሚውልበት ሲጠፋ፣ ያ ሜዳ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ለዚህ ነው የበርጋ ሰዎች ያደረጉት ነገር ትልቅ የሚሆንብኝ። የአካባቢው ነዋሪዎች ወፎቹን የሚጠብቅ ቡድን አቋቁመዋል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከጎናቸው ቆሟል። የሚድልፑንትን ረግረግ የሚጠብቁት ደቡብ አፍሪካውያንም ለመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሠራ አግዘዋል። በወፏ መንገድ በሁለት ጫፍ ያሉ ሰዎች፣ በእሷ ምክንያት ተዋወቁ። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ነሐሴ እንደገና ሄድኩ። ብቻዬን። ወደ ሜዳው አልገባሁም። ዳር ላይ፣ ከፍ ባለው ቦታ ቆምኩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ዱላቸውን የተደገፉ አንድ አባት መጡ። ሰላምታ ተለዋወጥን።

"ልትገቢ ነው?" አሉኝ።

"አይ አባባ፣ እዚሁ ሆኜ ነው የማየው።"

"ጥሩ። ከዚህ አይታይም ግን።"

"አውቃለሁ። ከብቶቹ የት ናቸው?"

በዱላቸው ወደ ዳገቱ አሳዩኝ። "ከመስከረም ወዲህ ነው የሚወርዱት። አሁን እዚህ ልጅ አለ።"

ልጅ ያሉት የወፏን ጫጩት ነው። እንደ ጎረቤት ልጅ ነው የተናገሩት። አራስ ቤት ዘሎ አይገባም እንደ ማለት።

"እርስዎ አይተዋት ያውቃሉ?"

"ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ትነሳ ነበር። ወፍ ናት ብለን ነው የምንተዋት። እንግዳ መጥቶ ሲፈልጋት ነው ዋጋ እንዳላት ያወቅነው።" ትንሽ ዝም አሉና "ዝናብ መጣ፣ ነይ ዛፉ ሥር" አሉኝ።

ዛፉ ሥር ሆነን ዝናቡን አሳለፍን። ሰማያዊ ክንፍ ያላቸው ዝይዎች ውሃው ዳር ይግጣሉ። የእኛ አገር ብቻ ወፎች ናቸው። ጋጋኖዎች እየጮኹ አለፉ። ጉሮሮው ቢጫ የሆነ ወፍ አጥር ላይ ወጥቶ ዘፈነ። ዝናቡ ሲያባራ ሜዳው ላይ ጭስ የመሰለ ጉም ተነሳ። አንድ ቦታ ላይ፣ ከእኛ ራቅ ብሎ፣ ቄጠማው ተንቀሳቀሰ። በቀጭን መስመር፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ንፋስ አልነበረም። አባባን ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም እያዩ ነበር። ምንም አላሉም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ጳጉሜን ላይ ከእናቴ ጋር ለእንቁጣጣሽ ገበያ ወጣን። ቄጠማ ሻጯ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። እናቴ እንደ ልማዷ እስሩን ገልብጣ ሥሩን ጫን አደረገች። ውሃ አቀረረ።

"እናቴ፣ ከየት ነው የሚመጣው?" አልኳቸው ሴትዮዋን።

"ከሱሉልታ ማዶ። ዛሬ ሌሊት የታጨደ ነው፣ አትጠራጠሪ።"

"ስታጭዱ ወፍ ትነሳለች? ትንሽዬ፣ ቡናማ?"

"ትነሳለች። ብር ትልና እዚያው ትወድቃለች።"

ልቤ ዘለለ። "ክንፏ ነጭ ነው?"

ሴትዮዋ እጃቸው ላይ ያለውን ጭቃ በቀሚሳቸው ጠረጉ።

"እሱን ማን ያያል፣ የኔ ልጅ። ጨለማ እኮ ነው። ስንት እስር ልስጥሽ?"